ከ60 በኋላ በቡድን የሚደረግ ረጅም የብስክሌት ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለብዙ ቀናት የሚዘልቅ የብስክሌት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት በ61 ዓመቴ ነው። ዘጠኝ ሆነን ስድስት ቀን ነዳን። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እወጣለሁ። ይህን ያዩ የዕድሜ እኩዮቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በመንገድ ላይ ያየሁትንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተማርኩትን ነው።

ዕድሜዬ 60 አልፏል። አልረፈደብኝም?

አልረፈደም። ሮበርት ማርሻን የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። በፈረንጆቹ 1911 ተወለደ። በ2012፣ መቶ ዓመት ሞልቶት፣ በብስክሌት መወዳደሪያ ቦታ ላይ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከ250 ሜትር ያህል ነዳ። በ2014 ደግሞ፣ በ102 ዓመቱ፣ በአንድ ሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ከ927 ሜትር ሄደ። መቶን ካለፈ በኋላ ፍጥነት ጨመረ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሲከታተሉት የነበሩ ተመራማሪዎች ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን በ13 በመቶ ማደጉን ለክተዋል።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ልምምዱ ነው። ከሚነዳው ውስጥ 80 በመቶው ቀላል ነበር። ጠንከር የሚለው 20 በመቶ ብቻ። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በወጣን ቁጥር ትንፋሻችን እስኪቆራረጥ እንነዳለን፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ብስክሌቱን አናየውም።

ዕድሜ የሚወስደው ነገር መኖሩን አልክድም። የልብ ምት ጣሪያ ዝቅ ይላል። ጡንቻ ይቀንሳል፣ በተለይ ከ60 በኋላ ፈጠን ብሎ። ግን በጉዞ ላይ በጣም የሚሰማዎት ይህ አይደለም። የሚሰማዎት ድካም ቶሎ አለመልቀቁ ነው። በ30 ዓመቴ አንድ ሌሊት ተኝቼ የሚለቀኝ ድካም ዛሬ ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር አብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው። 60 ኪሎ ሜትር መንዳት ይችላሉ። ጥያቄው በማግስቱ፣ ከዚያም በማግስቱ መልሰው መንዳት ይችላሉ ወይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለብኝ?

አዎ። ምንም የማያምዎት ቢሆንም። “ብስክሌት ልነዳ ነው” ብቻ ብለው አይለፉ፤ ሐኪሙ በሰፈር ውስጥ ዞር ዞር የሚሉ ሊመስለው ይችላል። በቀን ስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን፣ ምን ያህል ዳገት እንዳለው በዝርዝር ይንገሩት።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስበው የሚያልፈው ነገር አለ። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ምት እንዳይጨምር ይይዛሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ በእጅዎ ያለው ሰዓት የሚያሳየው የልብ ምት አይመራዎትም። ዳገት ላይ ሞተው እያለ ቁጥሩ “ገና ነዎት” ሊልዎት ይችላል። ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ደግሞ በሙቀት ቀን ፈሳሽ ያሳጥራሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ “ደህና ነኝ” ብሎ መንገዱን መቀጠል የለበትም። የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ይየው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎችም የብዙ ሰዓት እንቅስቃሴ ስኳራቸውን እንደሚያወርደው አውቀው መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው፤ ኪሳቸው ውስጥም ፈጣን ስኳር አይጥፋ።

ደረት ላይ የመጫን ስሜት፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ይቁሙና እርዳታ ይጥሩ። ከዳገቱ ጫፍ ስደርስ አርፋለሁ አይበሉ።

ልምምዱን መቼ ልጀምር?

ብስክሌት ላይ ጨርሶ ካልተቀመጡ ስድስት ወር፣ አልፎ አልፎ የሚነዱ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ወር ቀድመው።

በሳምንት ሦስት ጊዜ ይንዱ። ሁለቱ አጠር ያሉ፣ አንዱ ረዘም ያለ። ረዥሙን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩበት። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ቀንሱለት፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ፍጥነትዎን ለመመዘን ሰዓት አያስፈልግም። አጠገብዎ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መንዳት ከቻሉ ልክ ነው። ሦስት ቃል ተናግረው ትንፋሽ የሚስቡ ከሆነ ፈጥነዋል።

አሁን ከሁሉም በላይ እንዲይዙልኝ የምፈልገው፦ ከጉዞው ሁለት ወር ቀደም ብለው ተከታታይ ቀናትን ይለማመዱ። ቅዳሜ 40 ኪሎ ሜትር፣ እሑድ 40 ኪሎ ሜትር። አንድ ቀን ብቻውን 80 መንዳት ይህን አይተካም። እሑድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ እግርዎ ምን ይላል? መቀመጫዎ ሲነካ ምን ይሰማል? ይህን ቤትዎ ሆነው ማወቅ አለብዎት። ጉዞው በቀን 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ሁለት ቀን ተከታትለው 45 ወይም 50 ያለ ሥቃይ ከነዱ በቃ፣ ዝግጁ ነዎት።

በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምሩ። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ክብደት ማንሳት። ብስክሌት ለልብና ለሳንባ ድንቅ ነው፤ ግን ክብደታችንን ራሱ ብስክሌቱ ስለሚሸከመው አጥንትን ብዙም አያጠነክርም። በዚህ ዕድሜ አጥንት ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይበቃል?

ለጀማሪ ቡድን በሜዳ ላይ ከ40 እስከ 60። ብዙ ሰው ለመጀመሪያ ጉዞው የሚመርጠው በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለው፣ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና የሚወስደው መንገድ፣ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሳምንት ሲካፈል በቀን 50 እንኳ አይሞላም። ከወንዙ ጋር ስለሚወርድም አብዛኛው ሜዳ ነው። እንዲህ ዓይነት መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመራጭ ነው።

ኪሎ ሜትር ብቻውን ግን ያታልላል። ጠቅላላ ዳገቱን ይጠይቁ። እኔ በራሴ ሒሳብ እያንዳንዱን 100 ሜትር ከፍታ እንደ ተጨማሪ 3 ኪሎ ሜትር እቆጥረዋለሁ። 50 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር ዳገት ጋር ከሆነ ለእኔ 74 ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ደግሞ ጫፍ የሌለው ዳገት ነው፤ የሚያሳርፍ ቁልቁለት የለውም።

በየአራተኛው ወይም በየአምስተኛው ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑር። ቡድኑ “ጊዜ ማባከን ነው” ካለ በዚህ ላይ ይሟገቱ። በመጀመሪያው ጉዞአችን የዕረፍት ቀን አልነበረንም። አምስተኛው ቀን ላይ ማንም ከማንም ጋር አያወራም ነበር። ያልተጣላነው ለመጣላትም አቅም ስላልነበረን ይመስለኛል።

የቡድኑ ጭራ እኔ ብሆንስ? ሰው ማስጠበቅ እፈራለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ትዕይንት ልንገርዎ። ረዥም ዳገት ነው። ፈጣኖቹ አራት ሰዎች ቀድመው ጫፍ ደረሱ። ቁጭ አሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሙዝ በሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የመጨረሻዋ ሴት ፊቷ ቀልቶ ደረሰች። አንድ እግሯን መሬት ስታስነካ ፈጣኖቹ ተነስተው ሄልሜታቸውን ማሰር ጀመሩ። “ጎበዝ! እንሂድ?” ዕረፍት የሚያስፈልጋት እሷ ነበረች። ያረፉት እነሱ ናቸው። በክፋት አይደለም፣ አላስተዋሉትም። ይህ ነገር በቀን አምስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ያቺ ሴት የምትቀረው ደካማ ስለሆነች አይደለም። እንዳታርፍ ስለተደረገች ነው።

ስለዚህ በእኛ ቡድን አሁን አንድ ሕግ አለ። የዕረፍት ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከደረሰበት ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ከተባለ ከእሱ አሥር ደቂቃ። “ዝግጁ ነኝ፣ እንሂድ” የሚለውም እሱ ራሱ ነው። ይህች ትንሽ ነገር ቡድኑን ሙሉ በሙሉ ለወጠችው።

ሁለተኛው ሕግ፣ ማንም ብቻውን መጨረሻ አይሆንም። በየቀኑ ተራ የሚገባ አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ ይሆናል፤ መሣሪያና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ይይዛል፣ ከማንም አይቀድምም። ሦስተኛ፣ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ሁሉ ከፊት ያለው ቆሞ ከኋላው የሚመጣውን ያያል።

ሰው ማስጠበቅ ሼም የለውም። ቀድመው ይናገሩት ብቻ። ከመነሳቱ በፊት “እኔ ዳገት ላይ ቀስ እላለሁ፣ ሜዳ ላይ እይዛችኋለሁ” ያለ ሰው ማንንም አያስከፋም። ችግር የሚፈጥረው ዝም ብሎ ከአቅሙ በላይ ሲከተል ቆይቶ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚወድቀው ነው።

በቡድን ስንነዳ እንዴት ነው የምንሰለፈው?

ከሰው ኋላ መንዳት ነፋሱን ያስቀርልዎታል። ከፊት ያለው አየሩን ይሰነጥቃል፣ እርስዎ በተከፈተው ውስጥ ይገባሉ። ቀረብ ብለው ከነዱ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ይቆጥባሉ። ለዚህ ነው ከፊት የሚሆነው ሰው በየጥቂት ደቂቃው መቀያየር ያለበት።

መቅረብ ግን ልምድ ይፈልጋል። ጀማሪ ከሆኑ ከፊትዎ ካለው ቢያንስ አንድ ሙሉ የብስክሌት ርዝመት ይራቁ፤ በቁልቁለት ደግሞ ብዙ እጥፍ። የፊት ጎማዎን ከፊትዎ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አያስገቡ። እሱ በትንሹ ወደ ጎን ዘወር ቢል ጎማዎቹ ይነካካሉ፣ የሚወድቁት እርስዎ ነዎት። በቡድን ሲነዳ እንዲህ የሚመጣ አደጋ ብዙ ነው።

ምልክቶችን የመጀመሪያው ጠዋት ተስማሙባቸው፦ ጉድጓድ ሲኖር በእጅ ወደ መሬት መጠቆም፣ ለመቆም ሲፈለግ እጅ ማንሳትና ጮክ ብሎ “ቆምኩ!” ማለት፣ ከኋላ “መኪና!” ብሎ መጣራት። የመስማት ችግር ያለበት ሰው ካለ ይህ ይበልጥ ይታሰብበት። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀምን ሰው ነፋስ ሲኖር ከጩኸት ይልቅ የእጅ ምልክት ነው የሚረዳው። ቡድኑ ትልቅ ከሆነ ደግሞ መኪና አልፎ እንዲገባ በስድስት በስድስት ተከፍላችሁ በመካከል ክፍተት ተዉ።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልጋል?

አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ያለዎት ብስክሌት ልክዎ ከሆነና በደንብ ከተጠገነ ይሠራል። ሦስት ነገር ግን ይመልከቱ።

አንደኛ ማርሹ። በጣም ቀላሉ ማርሽ ከልብ ቀላል መሆን አለበት። ከፊት ያለውን የትንሹን ጥርሳም ክብ ጥርሶች ይቁጠሩ፣ ከኋላ ያለውን የትልቁንም ይቁጠሩ። የኋላው ከፊቱ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከፊት 34 ከኋላ 34፣ ጥሩ ነው። ሻንጣ የሚጭኑ ከሆነ ከዚያም ቀላል ይሁን። ጉልበትን የሚጎዳው ከባድ ማርሽ በዝግታ መግፋት ነው። በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ጊዜ እየዞረ ቀለል ያለ ፔዳል መርገጥ ጉልበትዎን ያተርፋል።

ሁለተኛ ጎማው። ቀጭን የውድድር ጎማ ይተዉት። ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በትንሹ ለስለስ ተደርጎ የተነፋ ጎማ የመንገዱን ንዝረት ይውጥልዎታል። ማታ ላይ ልዩነቱ የሚታወቀው በእጅ አንጓና በወገብ ነው።

ሦስተኛ፣ እግር አንስቶ መሻገር። ዳሌ ወይም ወገብ ካስቸገረዎት መሀሉ ዝቅ ያለውን ብስክሌት ይምረጡ። የሴት ነው የሚል ካለ ይተዉት። ደክሞ፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ በጎን መንገድ ላይ እግር አሻግሮ መውጣት ሲያቅት ነው ብዙ ሰው ቆሞ ሳለ የሚወድቀው።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ማጭበርበር አይሆንም?

አይሆንም። ከቡድናችን ሁለቱ በዚህ ነው የሚነዱት። አንደኛው የልብ ቀዶ ጥገና ያደረገ ነው፤ ይህ ባይኖር አብሮን አይወጣም ነበር።

ሲያቅዱ ግን እነዚህን ይወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተለመደው ዓይነት እስከ 250 ዋት ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እርዳታውን ያቆማል። ከዚያ በላይ በራስዎ እግር ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ደረጃ ላይ ተሸክሞ ማውጣት ካለ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ በጊዜ ይወቁት። በመንገደኞች አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊትየም ባትሪ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። የእነዚህ ብስክሌቶች ባትሪ አብዛኛው 400 ወይም 500 እና ከዚያም በላይ ነው። ስለዚህ እዚያው ደርሶ መከራየት ነው የሚያዋጣው።

በቡድን ውስጥ አንድ ጨዋነት አለ። ዳገት ላይ ሞተር ያለው ሰው ሌሎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው እያለ እያወራ እንዳያልፋቸው። የእኛዎቹ ዳገት ሲመጣ ወደ ኋላ ሄደው ከዝግተኛው ሰው ጎን ይሆናሉ።

መቀመጫዬን ያመኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ ጉልበቴ ያቃጥላል። የተለመደ ነው?

በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ መቆጥቆጥ የተለመደ ነው። መደንዘዝና ቁስል ግን የሚታለፍ አይደለም።

መቀመጫን በተመለከተ፣ በጣም ለስላሳና ሰፊ የሆነው ለአጭር መንገድ ነው የሚመቸው። ለረጅም መንገድ ክብደትዎ ከታች ባሉት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ላይ እንዲያርፍ ስፋቱ ልክዎ የሆነ፣ ጠንከር ያለ ይሻላል። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይልበሱ፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይልበሱ። የሚያቆስለው የውስጥ ሱሪው ስፌት ነው። የቆዳ መፋተግን የሚከላከል ቅባት ከመነሳት በፊት ይቀቡ። ሲደርሱ ቁምጣውን ወዲያው አውልቀው ይታጠቡ። እርጥብ ቁምጣ ለብሶ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት የቁስል መጀመሪያ ነው።

እጅን በሚመለከት ከራሴ ልንገርዎ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሦስተኛው ቀን ማታ ታጥቤ ሸሚዝ ለበስኩ። ቁልፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ የሌላ ሰው ጣት መስለዋል። እራት የሄድኩት አብሮኝ ያደረ ጓደኛዬ ቆልፎልኝ ነው። የመዳፍን ጠርዝ ይዞ የሚያልፈው ነርቭ ብስክሌቱ መሪ ላይ ለሰዓታት ተጭኖ ነበር። ለመመለስ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ መሪውን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ስፖንጅ ያለው ጓንት፣ በየአሥር ደቂቃው የእጅ አያያዝ መቀየር፣ ክርንን ላላ ማድረግ። መደንዘዝ ሲጀምር ያንኑ ቀን ያስተካክሉ፤ ነገ ይለቀኛል አይበሉ።

ለጉልበት፣ የመቀመጫው ከፍታ ነው ቁልፉ። ብስክሌቱ ላይ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡ፣ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ወደ ታች ይግፉት። እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር መዳፍዎ ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል። ከፊት በኩል የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከኋላ የሚያም ደግሞ ከፍ ብሏል። ሲያስተካክሉ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀይሩ። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ደግሞ ምንም አይንኩ።

ምን ልብላ፣ ምን ልጠጣ?

ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ይደክማል። ሰውነት ውኃ ፈልጎ እያለ አፍ አይደርቅም። ስለዚህ ሲጠማኝ እጠጣለሁ የሚለው ለእኛ ዕድሜ አይበቃም። በመካከለኛ አየር በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ ይበቃል። ሲሞቅ ይጨምራል፤ ብዙ ካላብዎ ጨውም ያስፈልጋል። ባዶ ውኃ ያለ ልክ መጠጣትም የደምን ጨው አሟጥጦ ሰውን ሆስፒታል ያስገባል። ሌሊት ለሽንት እየተነሱ እንቅልፍ የሚያጡ ከሆነ ዋናውን የውኃ መጠን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ይጨርሱት።

ከአንድ ሰዓት በላይ ሲነዱ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም በምግብ ውስጥ ያለውን ኃይል ሰጪ ክፍል፣ ይውሰዱ። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ሳይርብዎ ይብሉ። ረሃቡ ሲመጣ ረፍዷል፤ እግር ይከዳል፣ ሰውም ያለ ምክንያት ይቆጣል። አንድ ደግ የቡድን ጓደኛ በድንገት ከተነጫነጨ መጀመሪያ የሚበላ ነገር ይስጡት።

ማታ ፕሮቲን አይቅር። የዋለ ጡንቻ የሚጠገነው በዚያና በእንቅልፍ ነው።

ቁልቁለት እፈራለሁ።

መፍራትዎ ልክ ነው። ፍሬን ሳይለቁ አጥብቀው ይዘው አይውረዱ፤ ይግላል፣ እጅም ይዝላል። ሁለቱንም ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ፣ ኩርባ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነት ቀንሰው ይግቡ። ዓይንዎ መሄድ የሚፈልጉበትን ይይ። እጅዎ ከዛለ ዳር ይዘው ይቁሙ።

ደግሞ መነጽርዎን ያስቡ። ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለማንበብ የሆነው መነጽር ከፊት ጎማዎ አጠገብ ያለውን መሬት ያደበዝዘዋል። ጉድጓዱ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው። ለሩቅ ብቻ የሆነ መነጽር ለብስክሌት ያሠሩ። እኔ ይህን ካደረግኩ ወዲህ ቁልቁለት ላይ ትከሻዬ እንኳ ላልቷል።

ዕቃውን ማን ይይዛል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አጃቢ መኪና ይኑር። ሻንጣ ይይዛል፣ የደከመም ይሳፈርበታል።

በየብስክሌቱ የሚያዘው የራስን ውኃ፣ ምግብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ስልክ፣ መድኃኒትና ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ ነው። የቀረውን ተከፋፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱ ፓምፕ፣ አንዱ ቁልፎችና የሰንሰለት መፍቻ፣ አንዱ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ። ማርሽ ቀያሪውን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያያይዘውን ትንሽ ብረት ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ትርፍ ይያዝ። ብስክሌት ሲወድቅ ቀድሞ የሚጣመም እሱ ነው፣ ከብስክሌት ብስክሌት ስለሚለያይም የሌላ ሰው አይገጥምም። ጎማ መቀየር ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለማመዱ።

ልጆቼ ይጨነቃሉ።

ይጨነቁ፤ ስለሚወዱዎት ነው። “ምንም አልሆንም” ማለት አያረጋጋቸውም። የየቀኑን መንገድና የሚያድሩበትን ቦታ ጽፈው ይስጧቸው። ማታ ማታ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ይደውሉ። ኢንሹራንስዎ የብስክሌት ጉዞንና በዚህ ዕድሜ ያለን ሰው እንደሚሸፍን አረጋግጠው ያሳዩአቸው። ስምዎ፣ የደም ዓይነትዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የሚጠራው ሰው ስልክ የተጻፈበት ካርድ ኪስዎ ውስጥ ይሁን፤ የቡድኑ መሪም ቅጂው ይኑረው።

መሀል ላይ ቢያቅተኝስ?

መኪናው ውስጥ ይገባሉ። በቃ። ግማሽ ቀን መኪና ውስጥ አርፎ በማግስቱ ትኩስ ሆኖ የተነሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ። አልገባም ብሎ በሥቃይ ጨርሶ በማግስቱ ወደ ቤቱ የተመለሰም አይቻለሁ። በቡድናችን 74 ዓመቷ የሆነች አንዲት እናት ገና ከመነሳታችን በፊት መርሐ ግብሩን ዘርግታ “ሦስተኛውን ቀን ከሰዓት በመኪና ነኝ” ብላ ምልክት አድርጋበት ትመጣለች። አራት ጉዞ አብረን ወጥተናል፤ አራቱንም የመጨረሻ ቀን በብስክሌቷ ነው የገባችው።

ከተመለስኩ በኋላስ?

ለአንድ ሳምንት በእግርዎ ይንሸራሸሩ፣ በደንብ ይተኙ። ብስክሌቱን ይጠቡት፣ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀቡት። የትኛው ዕቃ ከሻንጣ ሳይወጣ እንደተመለሰ ገና ሳይረሱት ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።